ሐቀኝነት በምርጫ ጥያቄ አይፈተንም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ልጆች ሥነ ምግባር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። እኔም ጋ ከየአቅጣጫው ደረሰ። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። የዛሬ ልጆች ጠባያቸው ተበላሽቷል፤ ወላጅ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ሥነ ምግባርን እንደ ሒሳብና እንደ ሳይንስ ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው ይስጡት። መጽሐፍ ይዘጋጅለት፣ ፈተና ይኑረው፣ ውጤቱ ካርድ ላይ ይግባ፣ ጨዋ ልጆች ይሸለሙ፣ ያጠፉ ጠንከር ያለ ቅጣት ያግኛቸው። መጽሐፉ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ማንም መምህር ሊያስተምረው ይችላል።

ጸሐፊው የተነሱበት ሐሳብ ቅን ነው። ልጆች ሐቀኛ፣ ሰው አክባሪ፣ ለደካማ የሚያዝኑ ሆነው እንዲያድጉ ይፈልጋሉ። ይህን የማይፈልግ ማን አለ? የማልስማማው በመንገዱ ነው። እሳቸው ያሉትን አንድ በአንድ ብንፈጽመው፣ ስለ ጨዋነት አሳምሮ መጻፍ የሚችል ነገር ግን ጨዋነቱ ከአንገት በላይ የሆነ ልጅ ነው የምናፈራው። ልጆች ጠባይን የሚወስዱት ትምህርት ቤቱ በየቀኑ እነሱን ከሚይዝበት መንገድ ነው፤ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ነጥባቸውን በተራ እያነሳሁ ልመልስ።

የመጀመሪያው፣ የዛሬ ልጆች ከድሮዎቹ የባሱ ናቸው የሚለው ነው። ይህን ቶሎ ልለፈው። ድሮም እንዲሁ ይባል ነበር። ጸሐፊው የገጠማቸውን እንጂ ድሮና ዘንድሮን ያወዳደረ ማስረጃ አላቀረቡም። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው አንድ ትልቅ ጥናት አለ፤ ያኔም ልጆች ይኮርጁ ነበር፣ ያኔም ይዋሹ ነበር። ጥናቱ ለሁለተኛው ነጥባቸውም መልስ ስላለው ወደዚያው ልሂድ።

ሁለተኛው ነጥባቸው፣ ልጅ የሚያጠፋው ስለማያውቅ ነው ይላል። ካስተማርነው ያውቃል፤ ካወቀ ያደርጋል። ጽሑፉ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሂዩ ሃርትሾርን እና ማርክ ሜይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው በየትምህርት ቤቱ ዞሩ። ከ10 ሺህ በላይ ልጆችን ፈትነዋል። የጥናቱ የመጀመሪያ ቅጽ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። አፈታተናቸው ተንኮል ነበረበት። ለምሳሌ ልጆቹ ፈተና ይፈተኑና ወረቀቱ ይሰበሰባል። ተመራማሪዎቹ ልጆቹ ሳያውቁ የእያንዳንዱን መልስ ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ከዚያ ወረቀቱ ከትክክለኛው መልስ ጋር ለልጁ ይመለስለትና «ራስህ አርመህ ውጤትህን ጻፍ» ይባላል። ልጁ የተሳሳተውን ቀስ አድርጎ አጥፍቶ ትክክለኛውን ቢጽፍ ማንም የሚያውቅበት አይመስለውም። ሌላም ነበራቸው። ዓይንህን ጨፍነህ ወረቀቱ ላይ ባሉት ትንንሽ ክቦች ውስጥ ምልክት አድርግ ይሉታል። ጨፍኖ ሁሉንም መምታት አይቻልም። ሁሉንም የመታ ልጅ በስንጥቅ አይቷል ማለት ነው።

ምን አገኙ? ስለ ሐቀኝነት አሳምሮ መናገርና ሐቀኛ ሆኖ መገኘት እምብዛም አልተገናኙም። ፈተና ላይ ያጭበረበረ ልጅ ጨዋታ ላይ ሐቀኛ ሆኖ ይገኛል፤ ሌላው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሐቀኝነትን እናስተምራለን ከሚሉ ማኅበራት አባል የነበሩት ልጆችም ከሌሎቹ ያን ያህል አልተለዩም። ለውጥ ያመጣው ልጁ ያለበት ሁኔታ ነበር፤ የመያዝ ዕድሉ፣ ጓደኞቹ የሚያደርጉት ነገር፣ በክፍሉ ውስጥ ከመምህሩ ጋር ያለው ግንኙነት። አንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች በማጭበርበርም ይመሳሰሉ ነበር።

ይህ ጥናት ያልተነቀፈ እንዳይመስላችሁ። ሮጀር በርተን እ.ኤ.አ. በ1963 ያንኑ መረጃ መልሶ ሲመረምር፣ ልጆች ከቦታ ቦታ ይዘውት የሚዞሩት መጠነኛ የሐቀኝነት ዝንባሌ እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ ልጅ ሁሉ ነፋስ ወደነፈሰበት ይሄዳል ማለት አንችልም። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ ኖሮ አልከራከራቸውም ነበር። ግን በርተንም ቢሆን ትርጉም መሸምደድ ሰውን ሐቀኛ ያደርጋል አላለም።

እስቲ ወደ ክፍል እንግባ። «ሐቀኝነት ማለት፦ ሀ. እውነት መናገር፣ ለ. መዋሸት፣ ሐ. መስረቅ፣ መ. መልስ የለም»። ይህን የሚሳሳት ልጅ አለ? የክፍሉ ቀንደኛ ኮራጅም «ሀ»ን ያከብባል። ምናልባትም ከጎኑ ካለው ልጅ አይቶ።

ከዚህ ቀጥሎ ጸሐፊው ውጤት የማይሰጥበትን ትምህርት ልጅም ወላጅም ይንቀዋል ይላሉ። እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ውጤት የሌለውን ክፍለ ጊዜ ተማሪው እንደ እረፍት ነው የሚቆጥረው። ግን ውጤት ስንሰጥበት ምን እንደሚሆን እንይ።

አንድ ልጅ በሥነ ምግባር 54 አመጣ እንበል። ምን ማለት ነው? ግማሽ ሐቀኛ ነው? ካርዱን ሲያሳይ ቤት ምን ይሉታል? ልጁስ በሚቀጥለው ጊዜ 54ቱን ወደ 80 ለማሳደግ ምን ያደርጋል? መምህሩ የሚወደውን መልስ ይጽፋል፤ በቃ። ከጓደኛው ጋር የተቀያየመውን መታረቁ ወይም አለመታረቁ ከነገሩ ውስጥ የለም። 95 ያመጣውስ? እሱ ጨዋነቱ በማኅተም ተረጋግጦለታል። ከዚያ በኋላ እሱ አጥፍቷል ብሎ አቤት የሚል ልጅ ማን ይሰማዋል?

ጃፓንን ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። እዚያ ሥነ ምግባር እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የራሱ ክፍለ ጊዜ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአንደኛ ደረጃ፣ በ2019 ደግሞ ከዚያ ከፍ ባለው ደረጃ «ልዩ ትምህርት» ተብሎ መጽሐፍ ያለው መደበኛ ትምህርት ሆነ። ጸሐፊው ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ይሆናል። ግን የቀረውንም ይስሙልኝ። በቁጥር አይመዘንም። መምህሩ ልጁ ያሳየውን ለውጥ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ልጁ ከሌላ ልጅ ጋር አይወዳደርም፤ ለቀጣዩ ትምህርት ቤት መግቢያ መመዘኛም አይሆንም። ትምህርቱን መደበኛ ያደረጉት ሰዎች እንኳ ቁጥር መስጠቱን ሸሽተውታል።

ፈተናው ይቅርና በመጠይቅ እንለካው የሚልም ይኖራል። አንጄላ ዳክዎርዝ ስለ ጽናት ባደረጉት ምርምር ዓለም ያወቃቸው ናቸው። እሳቸውና ዴቪድ ዬገር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ እንዲህ ያሉ መጠይቆች ትምህርት ቤትንና መምህርን ለመመዘን እንዳይውሉ አስጠንቅቀዋል። አንዱ ምክንያታቸው ይኸውላችሁ። ልጅን «ታታሪ ነህ ወይ?» ብትሉት ራሱን የሚያስተያየው በዙሪያው ካሉት ጋር ነው። ታታሪዎች መሃል ያለው ራሱን ሰነፍ ይላል፤ ሰነፎች መሃል ያለው ራሱን አንበሳ ያደርጋል። ስለዚህ በደንብ የሠራው ትምህርት ቤት ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ ዳይሬክተሩ ይወቀሳል። በሚቀጥለው ዓመት ዳይሬክተሩ ልጆቹ ምን ብለው እንደሚሞሉ አስቀድሞ ያስጠናቸዋል። የሥነ ምግባር መጠይቅ ላይ ማጭበርበር፣ ጉድ እኮ ነው።

ሽልማቱስ? ጸሐፊው በየወሩ አንድ ጨዋ ተማሪ ተመርጦ በሰልፍ ላይ ይሸለም ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፌሊክስ ቫርኔከን እና ማይክል ቶማሴሎ ያወጡት ጥናት አለ። የተፈተኑት የ20 ወር ሕፃናት ናቸው። አንድ ትልቅ ሰው ዕቃ ይወድቅበትና መድረስ ያቅተዋል። ሕፃኑ ድክ ድክ ብሎ ሄዶ ያነሳለታል፤ ማንም አላዘዘውም። ለተወሰኑት ሕፃናት በረዱ ቁጥር መጫወቻ ነገር ተሰጣቸው። ሌሎቹ ተመሰገኑ ወይም ምንም አልተደረገላቸውም። በኋላ ሽልማቱ ሲቆም የመርዳት ፍላጎታቸው የቀነሰው መጫወቻ የለመዱት ናቸው። ሳይከፈለው የሚረዳን ሕፃን ክፍያ አስለመዱትና ክፍያው ሲቀር እሱም ቀረ።

ደግሞ የወሩ ጨዋ ተብሎ የሚሸለመው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ዝም ብሎ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ደብተሩ ንጹሕ፣ ድምፁ የማይሰማ። ጓደኛዋ ስትሰደብ «ተዋት!» ብላ ተነስታ የጮኸችው ልጅ ግን «ረባሽ» ተብላ ተመዝግባለች። ለመሆኑ ከሁለቱ ማንኛቸው ናቸው ጸሐፊው የሚፈልጉትን ጠባይ ያሳዩት? ልጅን አታመስግኑ አላልኩም። ያደረገውን ነገር ጠቅሶ፣ በዚያው ሰዓት፣ በልጁ ጆሮ ማመስገን ያባት ነው። ሰልፍ ላይ አውጥቶ ማስጨብጨብ ሌላ ነገር ነው፤ የተሸለመው ይኮራል፣ የቀሩት ያኮርፋሉ፣ በወሩ መጨረሻ ሁሉም ዳይሬክተሩ ሲያልፍ ብቻ ወረቀት ከመሬት ያነሳል።

አሁን ከጽሑፉ ሁሉ ከቶ ወዳልተዋጠልኝ ልምጣ፤ መጽሐፉ ጥሩ ከሆነ ማንም መምህር ያስተምረዋል ወደሚለው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው። መምህሩ በዋዜማው ክፍሉን ያዘጋጃል። «ነገ ጥያቄ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ። የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን፣ የማታውቁ ግራ እጃችሁን።» በማግስቱ ተቆጣጣሪው ኋላ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ጥያቄው ይጠየቃል። የክፍሉ እጅ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ይወጣል። መምህሩ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ያደርግና ከቀኝ እጆቹ አንዱን ይመርጣል። መልሱ ትክክል። ተቆጣጣሪው ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ይጽፋል። ሌላ ጥያቄ፣ ሌላ ቀኝ እጅ። ግራ እጁን ያወጣው ልጅ ያን ቀን ምን ተማረ? ትልልቅ ሰዎች ሲጨንቃቸው እንደሚዋሹ፣ እሱም ለውሸቱ እንደሚፈለግ፣ ሁሉም አብሮ ከዋሸ ምስጋና እንደሚገኝ ተማረ። ይህን ለመማር መጽሐፍ አላስፈለገውም። በዚያው ሳምንት ስለ ሐቀኝነት የሚያወራውን ምዕራፍ ገልጣችሁ ብታስተምሩት ምን ዋጋ አለው?

ሌላም አለ። መምህሩ ቢሮ ደርሶ እስኪመጣ የክፍል አለቃው የሚያወሩትን ስም ይጽፋል። ማን ይጻፋል? ያልተስማማው ልጅ። ማን ይሰረዛል? ጓደኛው፣ ወይም እስክርቢቶ የሰጠው። መምህሩ ተመልሶ ሲመጣ ዝርዝሩን ሳይጠይቅ ይቀጣበታል። ሥልጣንን ለጥቅም ማዋል የሚባለውን ነገር ልጆቹ ስሙን ሳያውቁት በተግባር ተማሩት።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ጄምስ ብራያን እና ናንሲ ዋልቤክ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ጥናት ልጆች ጨዋታ ተጫውተው ያሸነፉትን ለችግረኛ እንዲያካፍሉ ዕድል ተሰጣቸው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሰው ሲጫወት አይተዋል። ያ ሰው አንዳንዴ ስለ መስጠት እየሰበከ ለራሱ ያስቀራል፤ አንዳንዴ ለራሴ ነው እያለ ይሰጣል። ልጆቹ በሚሰጡት ላይ ለውጥ ያመጣው ሰውየው ያደረገው ነው። ስብከቱ ለውጥ አላመጣም። ጸሐፊው ይህችን አንዲት ጥናት ብቻ ቢያነቡ ማንም መምህር የሚለውን ዐረፍተ ነገር የሚሰርዙት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣ አንድ ሌላ ጥናት ደግሞ ነገሩን ወደ ውሸት ያመጣዋል። ቼልሲ ሄይስ እና ሌስሊ ካርቨር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ነው። አንዲት ተመራማሪ ልጁን በሚቀጥለው ክፍል ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ከረሜላ አለ ትለዋለች። ወዲያው ደግሞ «የለም፣ እንድትመጣ ብዬ ነው» ትላለች። ለሌሎቹ ልጆች ይህ አልተነገራቸውም። ከዚያ ሁሉም ልጆች ከጀርባቸው የተቀመጠ አሻንጉሊት በድምፁ ብቻ ማወቅ የሚል ጨዋታ ይጫወታሉ። ተመራማሪዋ «ዞረህ እንዳታይ» ብላ ትወጣለች። ለትምህርት ከደረሱት ልጆች መካከል ካልተዋሹት 60 በመቶ ያህሉ ዞረው አዩ፤ ካዩትም 60 በመቶ ገደማው አላየሁም ብሎ ዋሸ። ከተዋሹት ግን 80 በመቶ የሚጠጋው አየ፤ ካዩት ደግሞ 90 በመቶ የሚጠጋው ዋሸ። አንዲት የከረሜላ ውሸት ናት እንግዲህ። ዓመቱን ሙሉ «ነገ እመልስልሃለሁ» ተብሎ ያልተመለሰለት ልጅስ?

ቅጣቱን በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው ዱላ አላሉም፤ ጠንከር ያለ ቅጣት ነው ያሉት። ልዩነቱን ግን አላብራሩም፤ አንባቢ የፈለገውን ይወስዳል። ስለዚህ ይህን ልጨምር። ቪክቶሪያ ታልዋር እና ካንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በምዕራብ አፍሪካ የሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶችን አወዳድረዋል። በአንደኛው ልጆች ለትንሽ ጥፋት ሳይቀር ይመታሉ፤ በሌላኛው አይመቱም። የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ናቸው። ያንኑ ዞረህ እንዳታይ የሚለውን ጨዋታ አጫወቷቸው። በሚመቱበት ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች የበለጠ ዋሹ። ይህ ብቻ ቢሆን አያስገርምም። ውሸታቸውንም ከሌሎቹ በተሻለ አስተካክለው ይዋሹ ነበር፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ጥያቄ ራሳቸውን የማያጋልጥ መልስ ይሰጣሉ። የአራት ዓመት ልጅ! ፍርሃት ያስተማረውን ነው የሚያሳየው።

ጸሐፊው ልጆች በተረት ይማሩ ብለዋል፤ በዚህ ከእሳቸው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ልጆች ተረት ይወዳሉ፤ ተረትም ይሠራል፤ ግን ሁሉም ተረት አይደለም። ካንግ ሊ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ልዩ ልዩ ታሪክ አንብበውላቸው፣ ከዚያ ዞራችሁ አይታችኋል ወይ ብለው ጠየቋቸው። «ተኩላ መጣ!» እያለ ሰፈሩን ያታለለው እረኛ በመጨረሻ የሚደርስበትን የሰሙት ልጆች ታሪኩ እውነት እንዲናገሩ አላደረጋቸውም። በዋሸ ቁጥር አፍንጫው የሚረዝመው የእንጨት ልጅ ታሪክም እንዲሁ። የሠራው ዛፍ ቆርጦ ጥፋቱን ለአባቱ የተናገረውና አባቱ ስለ እውነቱ ያመሰገነው ልጅ ታሪክ ነው። መጨረሻውን ቀይረው ልጁን ሲያስቀጡት ያ ታሪክም መሥራቱን አቆመ። እንግዲህ ጸሐፊው በምሳሌነት የዘረዘሯቸውን ተረቶች መልሳችሁ እዩአቸው። ሁሉም በዋሸው ላይ በደረሰው መከራ ነው የሚያልቁት። እኔ መጽሐፍ አዘጋጅ ብሆን ቢያንስ ግማሹን እቀይር ነበር፤ ጥፋቱን ተናግሮ ያልተዋረደ ልጅ የሚገኝበት ታሪክ እፈልግ ነበር።

ጸሐፊው የሥነ ምግባር ትምህርት በተሰጠበት ሁሉ ውጤት ታይቷል ብለው በእርግጠኝነት ጽፈዋል። አልታየም። የአሜሪካ ትምህርት መሥሪያ ቤት የምርምር ክፍል ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሪፖርት በ84 ትምህርት ቤቶች የተሰጡ 7 ፕሮግራሞችን ተከታትሏል። በአጠቃላይ ሲታይ ፕሮግራሙን ባገኙትና ባላገኙት ልጆች ጠባይ መካከል የረባ ልዩነት አልተገኘም። ጥሩ ጥሩ መጽሐፍና ሥልጠና የነበራቸው ፕሮግራሞች ናቸው።

አሁን እኔን የሚቃወም ነገርም ላምጣ፤ ጸሐፊው ባያመጡትም። ጆሴፍ ዱርላክ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 የ213 ፕሮግራሞችን ውጤት ደምረው መርምረዋል። ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያሉበት ነው። ስሜትን መቆጣጠርን፣ ከሰው ጋር መግባባትን፣ ጠብን መፍታትን ያስተማሩት ፕሮግራሞች በጥቅሉ ለውጥ አምጥተዋል፤ ልጆቹ በመደበኛ ትምህርታቸውም ተሻሽለዋል። ስለዚህ ሥነ ምግባርን በግልጽ ማስተማር ከንቱ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር የለሁም። ግን የተሻለ የሠሩት ምን ዓይነት ናቸው? በቅደም ተከተል የተዘጋጁ፣ ልጁ ተነስቶ የሚለማመድባቸው፣ ጊዜ የተመደበላቸው፣ የሚያስተምሩት ችሎታ በግልጽ የታወቀ። «አክባሪ ሁን» ማለት ከዚህ ውስጥ አይገባም። ሁለት ልጆች በአንድ ኳስ ሲጣሉ ቁጭ ብለው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ፣ የሌላኛውን ቅሬታ መልሶ በራሱ አፍ እንዲናገር ማለማመድ ነው የሚገባው። ይህ ደግሞ በፈተና ወረቀት አይለካም። ሜዳ ላይ ነው የሚታየው።

በመጨረሻም ጸሐፊው ተቺዎች አማራጭ አያቀርቡም፣ ወሬ ብቻ ነው ብለዋል። እሺ፣ አማራጭ ይኸው።

ሎውረንስ ኮልበርግ የልጆችን የሞራል አስተሳሰብ በማጥናት የታወቀ ሰው ነው። ዕድሜውን ልጆችን በሐሳብ ደረጃ አስቸጋሪ ጥያቄ ሲጠይቅ ኖሮ፣ በኋላ ጥያቄ ብቻ እንደማይበቃ ገባው መሰለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሲቋቋም አገዘ። እዚያ ስለ ደንብና ስለ ጥፋት የሚወሰነው በስብሰባ ነው፤ ተማሪውም መምህሩም እኩል አንድ አንድ ድምፅ አለው። መጀመሪያ ላይ ስርቆት ነበር። ልጆቹም የተሰረቀው ይቻለው፣ እኛን ምን አገባን ይሉ ነበር። ቆይቶ ከአንዲት ልጅ ቦርሳ 9 ዶላር ጠፋ። ስብሰባ ተቀመጡ። ክርክሩ ማን ሰረቀ ከሚለው ወጥቶ ለምንድነው ማንም ግድ ያልሰጠው ወደሚለው ሄደ። በመጨረሻ ገንዘቡ ካልተመለሰ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲም አዋጥተው ሊተኩላት ወሰኑ። ትምህርት ቤቱን ሲከታተሉ የነበሩት ሰዎች ከዚያ በኋላ ስርቆቱ መቆሙን ጽፈዋል። 15 ሳንቲም ከባድ ቅጣት ሆኖ አይደለም። የእሷ ገንዘብ የሁሉም ጉዳይ ሆነ።

ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ ይሁን አልልም። አንድ መምህር ከትልቅ ክፍል ጋር ብቻውን ሆኖ ይህን ሁሉ ስብሰባ ከየት አምጥቶ ይመራል? ጊዜ ይበላል፣ ልጆች ይጮኻሉ፣ አንዳንዴም ውሳኔያቸው ጅል ይሆናል። ግን የሚቻሉ ነገሮች አሉ። ሳምንታዊው የሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ ከተገኘ ከምዕራፍ ንባብ ይልቅ ያ ሳምንት ለፈጠረው ጉዳይ ይዋል፤ የተሰወረ ደብተር፣ ከቡድን የተገፋች ልጅ፣ ያለ አግባብ የተቀጣ ረድፍ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ልጅ ካረመው «ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ» ብሎ ያጥፋው። ሳያጣራ የቀጣውን ልጅ በቀጣበት ቦታ፣ በቀጣበት ድምፅ ይቅርታ ይጠይቀው፤ ቢሮ ጠርቶ በሹክሹክታ ሳይሆን። ያጠፋ ልጅ ተንበርክኮ ከሚውል የሰበረውን ይጠግን፣ የበደለውን ያናግር። ስም መጻፍ ይቅር። ለተቆጣጣሪ የሚዘጋጅ የውሸት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከሁሉም በፊት ይቅር፤ ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ መመሪያም አያስፈልግም።

ውጤቱን እንዴት እናውቃለን ለሚሉት፣ የልጁን ጨዋነት ከመመዘን የትምህርት ቤቱን እንመዝን። ልጆች ስማቸውን ሳይጽፉ ይጠየቁ። በዚህ ወር የሚያሾፍብህ አለ? ስታጠፋ ለመምህርህ መናገር ትፈራለህ? ሽንት ቤት መሄድ የምትፈራበት ምክንያት አለ? የጠፋ ዕቃ ተገኝቶ ስንት ጊዜ ለባለቤቱ ተመለሰ? ይህ ቁጥር ማንንም ልጅ ጨዋ ወይም ባለጌ ብሎ አይፈርጅም። የሚወቅሰው ትልልቆቹን ነው፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ይህን ዓይነቱን ቁጥር ለማውጣት ብዙም ጉጉት የማይታየው።

ጸሐፊው መልስ የሚሰጡ ከሆነ ደስ እያለኝ አነባለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንዲቷን ይመልሱልኝ። በሐቀኝነት ዝቅተኛ ውጤት ያገኘ ልጅ ካርዱን ወላጅ ጋ ለማድረስ ፈርቶ ቁጥሩን በእስክርቢቶ ቢያስተካክለው፣ ያ ጥፋት የሚታረመው በየትኛው ምዕራፍ ነው?